በነገሩት ቦታ መገኘት



ባቡር በሚያልፍበት ከተማ ያደገ ልጅ ሌላው ዘግይቶ የሚማረውን አንድ ነገር ቀድሞ ያውቃል። ባቡር የቀረውን ተሳፋሪ «ለምን ቀረህ?» ብሎ አይጠይቅም። አንዱ ልጁ ታሞበት ይሆናል። ሌላው ግመሉ ጠፍታበት ሲፈልግ ውሎ ይሆናል። ሦስተኛው ደግሞ እንቅልፍ ጥሎት ይሆናል። የመጀመሪያው ያሳዝናል፣ የመጨረሻው ያስወቅሳል፤ ባቡሩ ግን ሦስቱንም ጥሎ ይሄዳል። የአፍደም፣ የኤረርና የሚኤሶ ልጆች ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም።

ዛሬ የምናነሳው ወጣት እንዲህ ያለ ባቡር በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ያመለጠው ነው። ያመለጠው በስንፍና አይደለም፤ እንዲያውም ከትጉሃን አንዱ ነበር። በስርቆትም ሆነ በማጭበርበር አልተገኘበትም። ሆኖም በ24 ዓመቱ፣ ጉልበቱ ገና በሞላበት ጊዜ፣ ከሙያው ለመውጣት በቃ። ታሪኩን የመረጥነው ቤተሰቡ ከአገራችን የፈለሰ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን በየቤታችን ላለው ወጣት ቁም ነገር ስላለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይመር የሚለው ስም በስዊድን

ከኢትዮጵያ ወደ ስዊድን የሄዱ አንድ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው የረጅም ርቀት ሯጭ የነበረ፣ ሚስትየዋ ደግሞ ሐኪም ናት። ኤልያስ ይመር በ1996 ስካራ በተባለች ከተማ ተወለደ። ታናሹ ሚካኤል ይመር በመስከረም 1998 በአቅራቢያዋ ባለችው በሾቭዴ ተወለደ። ሁለቱም እንደ አባታቸው ሯጭ ይሆናሉ ተብሎ ሊጠበቅ ይችል ነበር፤ እነሱ ግን ራኬት ያዙ።

ቴኒስ ሲባል ብዙ ልጆች በጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱትን ያስባሉ። የምንናገረው ስለ ሜዳ ቴኒስ ነው። ስዊድን ደግሞ በዚህ ጨዋታ ትልቅ ስም የነበራት አገር ናት። ቢዮርን ቦርግ 11፣ ማትስ ቪላንደር 7፣ ስቴፋን ኤድበርግ 6 የግራንድ ስላም ዋንጫዎችን በነጠላ ጨዋታ ወስደዋል። ከእነሱ ዘመን በኋላ አገሪቱ እየደረቀች ስትሄድ ሕዝቡ ተስፋውን የጣለው በእነዚህ በሁለቱ የኢትዮጵያውያን ልጆች ላይ ነበር። የስደተኛ ልጅ ሆኖ የአንድን አገር ተስፋ መሸከም ቀላል ሸክም አይደለም። ወንድማማቾቹ በ2016 የስቶክሆልም ውድድርን በጥንድ አብረው ተጫውተው ሲያሸንፉ በገዛ አገራቸው ሰው ፊት ነበር።

ደመወዝ የሌለው ሙያ

የቴኒስ ተጫዋች ኑሮ እንደ እግር ኳስ ተጫዋች አይደለም። በየወሩ ደመወዝ የሚከፍለው ክለብ የለውም። የአውሮፕላን ትኬቱን፣ የሆቴሉን፣ የአሠልጣኙን ሁሉ ራሱ ይከፍላል፤ ካሸነፈ ያገኛል፣ ከተሸነፈ ሻንጣውን ይዞ ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል። ደረጃው የሚወጣው ባለፉት 52 ሳምንታት በሰበሰበው ነጥብ ነው። ዘንድሮ ያገኘው ነጥብ በዓመቱ ይወድቃል፤ ስለዚህ ያለውን ለመጠበቅ ብቻ እንኳ እንደገና ማሸነፍ አለበት።

አራቱ ታላላቅ ውድድሮች፣ ግራንድ ስላም የሚባሉት፣ በሜልቦርን፣ በፓሪስ፣ በለንደንና በኒውዮርክ ይካሄዳሉ። በነጠላ ውድድር 128 ወንዶች ይገባሉ። በቀጥታ የሚገቡት በደረጃ እስከ መቶ አካባቢ ያሉት ናቸው። የቀሩት ማጣሪያ መጫወት አለባቸው። በ2023 በለንደኑ ዊምብልደን በመጀመሪያው ዙር ተሸንፎ የወጣ ተጫዋች እንኳ 55,000 ፓውንድ ተከፍሎታል። እንግዲህ 95ኛ በመሆንና 150ኛ በመሆን መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ አስቡት። ታላቅየው ኤልያስ በ2018 የደረሰበት ከፍተኛ ደረጃ 105ኛ ነበር፤ ከበሩ ደፍ ላይ ማለት ነው።

ታናሽየው ከደፉ አልፏል። በ2015 በዊምብልደን የወጣቶች ውድድር ለፍጻሜ ደረሰ። በ2019 ከዓለም የመጀመሪያዎቹ መቶ ውስጥ ገባ፤ በዚያው ዓመት ለምርጥ ወጣቶች ብቻ በሚዘጋጀው የሚላኖ ውድድር ተካፈለ። በ2021 በሜልቦርን በሁለተኛው ዙር ካርሎስ አልካራዝ የሚባል የ17 ዓመት ስፔናዊ ገጥሞት አሸነፈው። ያ ልጅ በዓመት ከመንፈቅ ገደማ ውስጥ የዓለም 1ኛ ሆኗል። በዚያው በ2021 ሚካኤል በአሜሪካ በዊንስተን ሴለም ለፍጻሜ ደረሰ። በ2023 ደግሞ የዓለም 50ኛ ሆነ። ከሚሊዮኖች ተጫዋቾች መካከል 50ኛ መሆን ምን ማለት እንደሆነ፣ በክፍሉ ውስጥ ካሉ ልጆች 3ኛ ለመውጣት የሚታገል ተማሪ ይረዳዋል።

በየቀኑ ስልሳ ደቂቃ

አሁን ወደ ጉዳያችን ልብ እንግባ። በስፖርት ውስጥ አበረታች መድኃኒት የሚወስዱ አሉ። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ከሰውነት በአጭር ጊዜ ይጠፋሉ፤ የሰጡት ጉልበት ግን ይቀራል። ስለዚህ ተጫዋቹን በውድድር ቀን ብቻ መመርመር ለሌባው ሰዓቱን ነግሮ እንደ መጠበቅ ነው። በዚህ ምክንያት በከፍተኛ ደረጃ ያሉ ስፖርተኞች፣ የእኛንም አገር ታዋቂ ሯጮች ጨምሮ፣ አንድ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። በየቀኑ የት እንደሚያድሩ ያስመዘግባሉ። ከዚያም ከቀኑ ውስጥ አንድ ስልሳ ደቂቃ መርጠው «በዚህ ሰዓት በዚህ ቦታ ታገኙኛላችሁ» ብለው ቃል ይሰጣሉ። መርማሪው ሳይነገር ይመጣል፤ ወይም አይመጣም። ቢመጣና ባያገኛቸው ይጻፍባቸዋል። በ12 ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ ከተጻፈባቸው መድኃኒት እንደወሰደ ሰው ይከሰሳሉ። ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እገዳ ነው፤ ጥፋቱ ከቀለለ እስከ አንድ ዓመት ዝቅ ሊል ይችላል።

ግዴታው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሰላቱን በወቅቱ የሚሰግድ ሰው ግን ቀላል አለመሆኑን ያውቃል። ከባዱ አንድ ቀን በሰዓቱ መገኘት አይደለም። ከባዱ በጉዞም፣ በድካምም፣ በሐዘንም ቀን፣ ማንም ባይጠይቅም በሰዓቱ መገኘት ነው። በዓመት 365 ጊዜ ቃል ሰጥቶ 362 ጊዜ የጠበቀ ሰው በሌላ ሚዛን ቢመዘን የተመሰገነ ነበር። በዚህ ሚዛን ግን የቀሩት ሦስቱ ይጥሉታል።

ሚካኤል ይመርን የጣሉት ሦስቱ ቀናት ሁሉም በ2021 ነበሩ፦ አንዱ በሚያዝያ፣ አንዱ በነሐሴ፣ አንዱ በኅዳር። ሦስተኛው በፈረንሳይ አገር ለውድድር በሄደበት ጊዜ የሆነ ነው። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ሆቴልና እሱ ያረፈበት ሆቴል የተለያዩ ነበሩ። መርማሪው በተጻፈው ቦታ ፈልጎ አጣው። እንደ ብዙዎቹ ተጫዋቾች የእሱንም መዝገብ የሚሞሉለት ሰዎች ነበሩት። ሕጉ ግን በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ስፖርተኛው መዝገቡን ሌላ ሰው እንዲሞላለት ሊያደርግ ይችላል፤ ኃላፊነቱን ግን ለሌላ ሰው ማስረከብ አይችልም።

ነጻ ከተባለ በኋላ

ጉዳዩ በመጀመሪያ የቀረበለት ገለልተኛ ችሎት በ2022 ጥፋተኛ አይደለም ብሎ አሰናበተው። ወጣቱ ተንፈስ አለ፤ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ግን በውሳኔው ሳይስማማ በስዊዘርላንድ፣ በሎዛን ላለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ይግባኝ አለ። ተጫዋቹ ከአንድ ዓመት በላይ ይህን ጥላ ተሸክሞ ነበር የሚጫወተው። የዓለም 50ኛ የሆነውም በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው።

በግንቦት 2023 በፈረንሳይ በሊዮን ከተማ ከአርቱር ፊስ ጋር ሲጫወት፣ ኳሷ ያረፈችበትን ምልክት ዳኛው ወርደው እንዲያዩለት ጠየቀ። ዳኛው አልወረዱም። በዚህ የተቆጣው ወጣት ጥቂት ቆይቶ ራኬቱን ከዳኛው ወንበር ጋር አጋጨው። ወዲያውኑ ከውድድሩ ተባረረ። በዚያች ቅጽበት ጥያቄው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ነገር ጠፋ። እስከ ዛሬ የሚታየው የተሰበረው ራኬት ነው። በቁጣ ጊዜ ራሱን የያዘ ሰው ከታጋይ ይበልጥ ብርቱ እንደሆነ ልጆቻችን በመድረሳ ተምረዋል። እዚህ ላይ ያንኑ ትምህርት በቴሌቪዥን አዩት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ከሁሉ ያሳዝናል። በሐምሌ 2023 መጀመሪያ በዊምብልደን በሁለተኛው ዙር አሜሪካዊው ቴይለር ፍሪትዝ ገጠመው። ፍሪትዝ በውድድሩ 9ኛ ተመዳቢ ነበር። በግራንድ ስላም ወንዶች ከአምስት ክፍል ሦስቱን ማሸነፍ አለባቸው። ሚካኤል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ተሸነፈ። አንድ ብቻ ቢሸነፍ መውጣቱ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ሦስቱን በተከታታይ አሸነፈና ወደ ሦስተኛው ዙር አለፈ። እንዲህ ያለ ልጅ ሰነፍ ነው ሊባል ይችላልን?

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 17 ቀን፣ የሎዛኑ ፍርድ ቤት የመጀመሪያውን ውሳኔ ሽሮ የ18 ወር እገዳ ጣለበት። በቀጣዩ ወር ሚካኤል ይመር ከሙያው መሰናበቱን ራሱ አስታወቀ። 25 ዓመት እንኳ ገና አልሞላውም ነበር።

ያልተባለውን አለማለት

ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን ምላሳችንን እንመርምር። ዜናው ሲሰማ ብዙ ሰው ያለው «መድኃኒት ወስዶ ተያዘ» የሚል ነበር። ይህ ሐሰት ነው። ማንም መርማሪ በሰውነቱ ውስጥ የተከለከለ ነገር አገኘሁ አላለም። ፍርድ ቤቱም የፈረደው በምርመራ ቀን አለመገኘቱን እንጂ መድኃኒት መውሰዱን አይደለም። እሱም መድኃኒት ወስዶ እንደማያውቅ በግልጽ ተናግሯል። «ያው ነው» የሚል ሰው ካለ፣ ስለ ራሱ ልጅ ቢሆን ያው ነው ይል እንደሆነ ይጠየቅ። ከትምህርት ቤት የቀረውን ልጅ «ሰርቆ ነው የቀረው» ማለትና «ቀርቷል» ማለት አንድ አይደሉም። በሰው ክብር ላይ ያልተረጋገጠ ቃል መጨመር ትልቅ ጥፋት ነው፤ ሰውየው ሩቅ አገር ያለ፣ ስማችንን የማያውቅ ቢሆንም።

በሌላ በኩል «ንጹሕ ከሆነ ለምን ተቀጣ? ግፍ ነው» የሚሉም አሉ። ለእነዚህም መልስ አለ። ይህ ሕግ የእሱን ሐቀኝነት ለመጠራጠር የወጣ አይደለም። ሐቀኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት የሚቻለው በሩ ሲንኳኳ ሁሉም ሲገኝ ብቻ ነው። ሐቀኛው «እኔ ንጹሕ ነኝ፣ ባልገኝስ?» ቢል፣ ሐሰተኛውም ያንኑ ይላል፤ መርማሪው ሁለቱን በምን ይለያቸዋል? የሐቀኛው መገኘት ለራሱ ብቻ ሳይሆን አብረውት ለሚጫወቱት ሁሉ አማና ነው። በዚህ ሁሉ ግን ቅጣቱ አይከብድም ማለታችን አይደለም። 18 ወር ለአንድ የቴኒስ ተጫዋች እጅግ ረጅም ነው። ነጥቡ በ52 ሳምንት እንደሚወድቅ አይተናል፤ ስለዚህ እገዳው ሲያልቅ ከስሙ በቀር የሚጠብቀው ደረጃ አይኖርም።

በዚህ የተፈተነው እሱ ብቻም አይደለም። አሜሪካዊው የ100 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ክርስቲያን ኮልማን በዚሁ ምክንያት የቶኪዮ ኦሊምፒክ አምልጦታል። ለባህሬን የምትሮጠው ሰልዋ ዒድ ናስር በ2019 በዶሃ 400 ሜትርን በ48.14 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። እሷም እንደ ሚካኤል በመጀመሪያ ነጻ ተብላ፣ በይግባኝ በ2021 የሁለት ዓመት እገዳ ተጣለባት። በእሷ ላይ ከተነሡት ቀናት በአንዱ መርማሪው የተሳሳተ በር ሲያንኳኳ ነበር። ሆኖም ሌሎቹ ቀናት ቀሩባት። ሰልዋ ግን ሙያዋን አልተወችም። ዝም ብላ ተለማመደች። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ በ400 ሜትር የብር ሜዳልያ አገኘች።

ሚካኤልም ቢሆን የመጨረሻ ቃሉ ያ ስንብት አልሆነም። እገዳው በ2025 መጀመሪያ ሲያበቃ ወደ ሜዳ ተመልሷል። የተመለሰው ግን 50ኛ ሆኖ አይደለም። ያለ ደረጃ፣ ስሙን ከማያውቁት ልጆች ጋር፣ ከታች ጀምሮ ነው። በዊምብልደን ሁለት ክፍል ተሸንፎ እንደተነሣው ሁሉ እዚህም መነሣት ጀምሯል። ጥፋት ሠርቶ «አከተመልኝ» ብሎ ለተቀመጠ ወጣት ይህ ከዋንጫ ወሬ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ይህን ታሪክ ወደ አፍደም ምን አመጣው የሚል ይኖራል። ቴኒስ የሚጫወት ልጅ ባይኖረንም ቃል የሚሰጥ ልጅ አለን። «ከዐስር በኋላ እመጣለሁ» ብሎ ለኡስታዙ ነግሮ ያልመጣ፣ «ነገ እመልሳለሁ» ብሎ መጽሐፍ ተውሶ ወር ያቆየ፣ ለሱቅ ተልኮ ኳስ ሜዳ ላይ የተገኘ። ሲጠየቅ ምክንያት አያጣም፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። እኛም ወላጆችና መምህራን ምክንያቱ እውነት መሆኑን ስናውቅ «ግድ የለም» እንላለን። አንድ ጊዜ ግድ የለም ማለት ርኅራኄ ነው። ሦስተኛው ላይ ግን ልጁን ይጎዳዋል፤ ነገ የሚቀጥረው ድርጅት፣ የሚያበድረው ነጋዴ፣ የሚድርለት አማት ግድ የለም አይሉትምና።

ስለዚህ በየቤታችን ሦስት ነገሮችን እንልመድ። አንደኛ፣ ልጁ የት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ ነግሮ ይውጣ፤ ሐሳቡ ከተለወጠ ደግሞ ሳይጠየቅ ያሳውቅ። በፈረንሳይ የተለወጠው አንድ የሆቴል ስም ብቻ ነበር፤ በጊዜው ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ያ ሦስተኛው ቀን ባልኖረ ነበር። ሁለተኛ፣ በወንድሙ ወይም በጓደኛው በኩል የላከው መልእክት መድረሱን ራሱ ያረጋግጥ። «ነግሬው ነበር» የሚል መልስ ቃል ከገባው ሰው ላይ ዕዳውን አያወርድም። ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው ሲያመልጠው ሳይደናገጥ፣ ሁለተኛው ሲያመልጠው ግን ነቅቶ ኑሮውን ያስተካክል። ከሁለተኛው በኋላ ሦስተኛውን በመጠበቅ መኖር እንደማይቻል ከዚህ ወጣት ታሪክ አይተናል።

እኛም ታላላቆች ለልጆች የሰጠነውን ቃል እንጠብቅ። «ቅዳሜ ድሬዳዋ እወስድሃለሁ» ተብሎ ልብሱን ለብሶ በር ላይ ቁጭ ብሎ የዋለ ልጅ ስለ ቃል የሚማረው ከዚያች ቅዳሜ ነው። ከመምህሩ ስብከት በፊት የአባቱን መምጣት ይጠብቃል።

አላህ ቃላቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።